ቀልብን በዕለት ሥራ ላይ መሰብሰብ፦ ከጭንቀት የወጣ ሰው ምክር

ይህን የምጽፈው እጃቸው እየሠራ ልባቸው ሌላ ቦታ ለሚውልባቸው ሰዎች ነው። ምሳ በልተው ምን እንደበሉ ለማይታወሳቸው፣ ልጃቸው እያወራቸው «እህ» እያሉ በሐሳብ ለሚነጉዱ፣ ማታ ጋደም ሲሉ ደግሞ የትናንቱን ንግግርና የነገውን ወጪ ሲያመላልሱ ለሚነጋባቸው። እኔም እዚያው ውስጥ ቆይቼ ወጥቻለሁ። የራሴን ታሪክ ግን አላስረዝምም፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ምን እንደሚያዋጣ፣ ከምን እንደሚጀመርና ሰው የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ሐሳብ የማይበተንበት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት 2,250 ሰዎችን በቀን በተለያየ ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ ያደረጉትን ጥናት አውጥተው ነበር። ሰዎቹ በተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ከያዙት ሥራ ውጪ ሌላ ነገር ሲያስቡ ተገኝተዋል። ሐሳባቸው በሄደበት ጊዜም ደስታቸው ቀንሶ ነበር። ደስ የሚል ነገር ሲያስቡ የነበሩት እንኳ ልባቸው ሥራቸው ላይ ከነበረበት ጊዜ የተሻለ ደስታ አልተሰማቸውም።

ስለዚህ ሰላም የሚመጣበትን ቀን አትቅጠሩ። «ልጆቹ ይደጉ፣ ዕዳው ይለቅ፣ ጸጥ ያለ ቤት ይገኝ» የሚል ሰው ዓመታት ያልፉበታል። ቀልብ የጎረቤት ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ ወጡ እየተንተከተከ፣ ታክሲ እየተጠበቀም ይሰበሰባል። መጀመሪያ ላይ ከምትሰጡት ጥቂት ደቂቃ በቀር አዲስ ሰዓት አይጠይቃችሁም፤ የቀረው ሁሉ ድሮም በምትሠሩት ሥራ ላይ ነው የሚለመደው።

የመጀመሪያው ሳምንት ለትንፋሽ ብቻ ይሁን። በርጩማ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ቀጥ ይበል እንጂ አይገተር፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ እጆች ጭን ላይ ይረፉ። በአፍንጫችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ ከዚያም እስከ 6 እየቆጠራችሁ በአፍንጫችሁ አስወጡ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ያህል ይሁን። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በዚህ አካሄድ ግን 6 ጊዜ ብቻ ትተነፍሳላችሁ። ጠዋት 5 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ ይበቃል። የሚወጣው ከሚገባው እንዲረዝም የሚደረገው ያለምክንያት አይደለም፤ አየር ስንስብ የልብ ምታችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቫገስ የሚባል ነርቭ ነው ይህን የሚያደርገው። ትንፋሹን በእርጋታ ስታስረዝሙ ሰውነት «አደጋ የለም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አእምሮ ቀስ ብሎ ይከተላል።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስፈራ አንድ ነገር አለ። ብዙዎች «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባሉ ደረታቸውን ነፍተው አየር ይግጣሉ። ወዲያው ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ጣታቸውና ከንፈራቸው ይነዝራል፣ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከመጠን በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። መፍትሔው ትንፋሹን ማሳነስ ነው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የማይሰማው፣ ሆድ ላይ የተቀመጠ እጅ ብቻ የሚያውቀው ትንፋሽ ይበቃል። 4 እና 6 ከከበዳችሁ በ3 እና በ4 ጀምሩ። ድንገተኛ ድንጋጤ የሚይዛቸው ሰዎች ደግሞ ትንፋሻቸውን ባዳመጡ ቁጥር ደረታቸው ይበልጥ ሊጨንቃቸው ይችላል። እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ ትንፋሹን ተዉትና ሐሳባችሁን ወደ እግራችሁ መዳፍ አውርዱት፦ የወለሉ ቅዝቃዜ፣ የካልሲው ስፌት፣ የሰውነት ክብደት ተረከዝ ላይ ሲያርፍ። እንቅልፍ ለሚጥላችሁ ደግሞ፣ ከምሳ በኋላ አትሞክሩት፤ ዓይናችሁንም ሙሉ በሙሉ አትጨፍኑ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ይረፍ።

ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ብዙ ሰው ያቆማል። «ከመጀመሬ በፊት ይሻለኝ ነበር፤ አሁን ጭንቅላቴ ጩኸት ብቻ ሆነ» ይላል። ጩኸቱ ግን ድሮም ነበር፣ ልብ ብሎት አያውቅም እንጂ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ አእምሮን ባዶ ማድረግ ግብ አይደለም፤ የሚቻልም አይደለም። ልምምዱ መመለስ ነው። 3 ላይ ስትደርሱ ሐሳባችሁ ወደ ቤት ኪራዩ ሄደ እንበል። መሄዱን ስታውቁ አትበሳጩ፣ የኪራዩንም ነገር ለመጨረስ አትሞክሩ፤ በልባችሁ «ዕቅድ» ብላችሁ ስሙን ጥሩና ወደ 1 ተመለሱ። ሌላው «ፍርሃት» ሊሆን ይችላል፣ ሌላው «ትዝታ»፣ ሌላው «ቂም»። አንድ ቃል ብቻ። ሁለተኛ ቃል ከጨመራችሁ መብሰልሰሉ ይጀምራል። በ5 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ሄዳችሁ 30 ጊዜ ከተመለሳችሁ፣ 30 ጊዜ ተለማምዳችኋል ማለት ነው። «ዛሬ ተበታተንኩ» ብሎ የሚያዝን ሰው ከሁሉ በላይ የሠራበትን ቀን ነው የጣለው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ዕለት ሥራ የሚገባው። አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። አራት ሥራ ላይ ባንዴ ለመጀመር የሚነሳ ሰው በሳምንቱ አንዱም አይቀረውም። የምትመርጡት ሥራ በየቀኑ የሚሠራ፣ እጅ የሚያንቀሳቅስ፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ይሁን፦ ዕቃ ማጠብ፣ ጫማ መጥረግ፣ ከቤት እስከ ታክሲ ተራ በእግር መሄድ። በዐረብ አገር ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች፣ የራሴ የሚሉት ሰዓት ለሌላቸው፣ ይህ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል፤ ሳህኑን ስታጥቡ የውሃውን ሙቀት፣ የአረፋውን ልስላሴ፣ ሳህኑ ሲጠራ ጣት ስር የሚሰማውን ተከተሉ። ሥራው የማንም ይሁን፣ ያ ትኩረት የእናንተው ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን እንደ ቡና ማፍላት የሚያስተምር የለም፤ ትኩረት ሲጠፋ እዚያው ያሳያችኋልና። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ የስሜት ሕዋስ ብቻ ያዙ። ስታጥቡ እጃችሁን፦ ፍሬው መዳፍ ለመዳፍ ሲታሽ ገለፈቱ ይለቃል፣ ውሃው መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ እየደጋገማችሁ ስትቀይሩት ይጠራል። ስትቆሉ ዓይንና ጆሯችሁን፦ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቢጫው ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ፍሬው ጣ ጣ ማለት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ዘወር ማለት አይፈቅዱም፤ ስልክ ያነሳ ሰው ያሳርረዋል። ስትወቅጡ የክንዳችሁን ምት ተከተሉ። ጀበናው ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪሰክን ያለውን ጊዜ ደግሞ አትሙሉት፤ ዕቃ አታንሱ፣ ወሬ አትጀምሩ፣ ያንን የ4 እና የ6 ትንፋሽ እዚያው ተንፍሱ። ሲጠጣ አቦሉ ላይ ጣዕሙን፣ ቶናው ላይ የሚያወራችሁን ሰው፣ በረካው ላይ የራሳችሁን ሰውነት (ትከሻ፣ መንጋጋ፣ ሆድ) ልብ በሉ። ሰው ሲያወራችሁ መልስ አታዘጋጁ፤ የመጨረሻ ቃሉን ከተናገረ በኋላ አንድ ትንፋሽ ጠብቃችሁ መልሱ። በቤት ውስጥ ብዙ ጠብ በዚህች አንድ ትንፋሽ ይቀራል።

ከሰል ለምትጠቀሙ፣ መስኮት ወይም በር ሳትከፍቱ አትቀመጡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ድብታ ያመጣል፣ ይገድላልም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የመጣ ድብታን የመንፈስ እርጋታ ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡበት፤ ወዲያው ወደ ውጪ ውጡ።

ቡና ለማይጠጣ ወይም ጊዜ ላነሰው ቆሎ አለ። ጆን ካባት-ዚን የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለታካሚዎች የጀመሩት የ8 ሳምንት ሥልጠና ውስጥ፣ አንድ ፍሬ ዘቢብ በብዙ ደቂቃ የሚበላበት ልምምድ አለ። በገብስ ቆሎ እንዲያውም የተሻለ ይሆናል፤ ጠንካራ ስለሆነ ያዘገያል። ሦስት ፍሬ መዳፍ ላይ አድርጉ። መሐሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ተመልከቱ፤ አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ቀላ ያለ ነው፣ አንዱ ጫፍ ላይ ጨው ይዟል። አሽትቱት። አንዱን አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ 10 ሰከንድ ሳትነክሱ አቆዩት፤ ምራቅ ሲመጣ፣ ጨው ሲቀልጥ ይታወቃችኋል። ከዚያ ንከሱ፣ ድምፁን ስሙ፣ እስክትውጡ ድረስ ተከተሉ። እዚህ ላይ የሚያመልጠን እጃችን ነው፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛውን ጭብጥ ይዞ ይመጣል። ሌላ ቦታም የምንኖረው እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ እጃችሁን ስትይዙት የያዛችሁት ትልቅ ነገር ነው።

ስልክን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ነገር ልበል፤ ስልኩ ካልተገራ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይጸናም። ሰው ሲደውል ከሚጮኸው በቀር የሌላውን ሁሉ ማሳወቂያ አጥፉ። የቴሌግራም ቡድኖችን ድምፅ ዝጉ፤ የዕድርና የልጆች ትምህርት ቤት ቡድን ሳይቀር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ ማየት ምንም አያስቀርባችሁም። ዜና የምታዩበት ሰዓት አንድ ይሁን፣ እርሱም ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ያብቃ። በተለይ ቤተሰቡ ችግር ባለበት አካባቢ ላለና ከውጪ ሆኖ አዲስ ወሬ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የስልኩን ገጽ ለሚያድስ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማደሱ ለቤተሰቡ የሚጨምርለት ነገር የለም፣ መደወል ግን ይጨምርለታል። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጪ ቻርጅ አድርጉ። «ማንቂያዬ ነው» ለሚል ሰው ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት መልስ ይሆነዋል።

ታክሲ ተራ ላይ ስትቆሙ እጃችሁ ወደ ኪስ ይሄዳል። በቀን አንዴ ብቻ፣ አንድ ሰልፍ ላይ፣ ስልኩን ሳታወጡ ቁሙ። እግራችሁን እኩል ርገጡ፣ ትከሻችሁን ጣሉ፣ የምትሰሙትን አምስት ድምፅ ለዩ፦ የረዳቱ ጥሪ፣ የሞተር ድምፅ፣ የሎተሪ አዟሪው፣ አጠገባችሁ የሚያወራው ሰው፣ ነፋሱ። ድምፁን ለዩት እንጂ አትመዝኑት። ሰልፉ አይፈጥንም፤ እናንተ ግን ስትሳፈሩ አትዝሉም።

ንዴት ሲመጣ በቃል አትጀምሩ። ንዴት ሐሳብ ከመሆኑ በፊት ሰውነት ላይ ይታያል፦ መንጋጋ ይገጥማል፣ ጆሮ ይግላል፣ እጅ ይጨበጣል። የራሳችሁን ምልክት ለይታችሁ እወቁ፤ ሁሉም ሰው አንድ ዋና ምልክት አለው። እርሱን ስታዩ አንድ ረጅም ትንፋሽ አስወጡና «ትንሽ ቆይቼ ልመልስልህ» በሉ። መቆየት ማፈን አይደለም፤ ያላችሁትን ሰዓት አክብራችሁ ተመልሳችሁ ተነጋገሩ። ካልተመለሳችሁ ግን ጉዳዩ ወደ ኩርፊያ ይሄዳል፣ ኩርፊያ ደግሞ ሌሊቱን ይበላል።

ሌሊቱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለመብሰልሰል ቀን ላይ ቦታ ካልሰጣችሁት አልጋ ላይ ይመጣል። አመሻሽ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ወስናችሁ ደብተር ያዙ፤ ገጹን ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል «ነገ ላደርገው የምችለው»፣ በቀኝ «በእጄ ያልሆነ»። የግራው እያንዳንዱ መስመር የሚጨበጥ ነገር ይሁን፦ «ስለ ዕዳው መጨነቅ» ብሎ የጻፈ ሰው አልጻፈም፤ «ነገ 4 ሰዓት ላይ አበዳሪዬ ጋ ደውዬ ጊዜ እጠይቃለሁ» ያለ ግን ጽፏል። ቀኝ በኩል ያለውን ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ጻፉትና ዝጉ። ሌሊት ሲመለስባችሁ «ደብተሩ ላይ አለ» ማለት ትችላላችሁ።

አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ከቆያችሁ በኋላ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ። ሰዓት አትዩ፤ በግምት ይሁን። ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ተቀምጣችሁ ቀላል ነገር ሥሩ፣ ድብት ሲላችሁ ተመለሱ። አልጋ ላይ እየተገላበጡ መጨነቅ አልጋውን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተዋወቁት የጡንቻ ማፍታታትም ይረዳል፦ ከእግር ጣት ጀምራችሁ አንዱን የሰውነት ክፍል 5 ሰከንድ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁና 10 ሰከንድ ልዩነቱን አዳምጡ፤ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጭብጥ፣ ትከሻ፣ ፊት እያላችሁ ውጡ። እስኪያማችሁ አታጥብቁ፤ ባት ላይ ከበዛ ጡንቻው ይሸማቀቃል። የቡናንም ነገር አስቡ፤ ከጠጣችሁት ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር) ግማሽ ያህሉ 5 ሰዓታት ካለፉ በኋላም ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ለመተኛት ለሚፈልግ ሰው ጠላት ነው።

«ይህ ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። የተማርኩትን ወደ ጸሎቴ ነው የወሰድኩት፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ 41 ጊዜ በመቁጠሪያ የሚጸልይ ሰው፣ ምላሱ እየፈጠነ ልቡ ገበያ ሲወርድበት ያውቀዋል። በአንድ የሚወጣ ትንፋሽ አንዴ ብቻ በሉ፤ በዚህ አካሄድ 41ዱ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ልባችሁ ሄዶ ስትይዙት ካላችሁበት ፍሬ ቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ተናዶ ያቋርጣል። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼ ደግሞ ውዱእ ላይ ጀምሩ። ውሃው እጅ ላይ፣ ፊት ላይ፣ ክንድ ላይ ሲያርፍ አብራችሁት ሁኑ፤ ሱጁድ ላይም አካል እስኪረጋ ቆዩ። ኹሹዕ (በሶላት ውስጥ የልብ መሰብሰብ) ሶላት ሲጀመር ድንገት አይመጣም፣ ከውሃው ጀምሮ ነው የሚዘጋጀው።

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ያንን መለየት ግዴታ ነው። ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ፣ በተለይ ደግሞ የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ በትንፋሽ ለመወጣት አትታገሉ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ተናገሩና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጸበልም ሆነ ጸሎት ከሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ተረጋጋሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ጦርነት፣ ድብደባ ወይም መደፈር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ሲል ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ከፍቶ፣ እየተራመደ ወይም እጁ ሥራ ይዞ ይለማመድ፤ ቢቻል ባለሙያ ባለበት።

ልምምዱ መቋረጡ አይቀርም። ለቅሶ ይመጣል፣ በዓል ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። ስትመለሱ ያቆማችሁበት ላይ ለመድረስ አትሩጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት 2 ደቂቃ ትንፋሽ ብቻ አድርጉ። ሥራውንም አትቀይሩ፦ ዕቃ ማጠብ ከነበረ በዕቃ ማጠብ፣ ቡና ከነበረ በቡና ተመለሱ፤ እጅ የለመደውን ቶሎ ያገኘዋል። ሳምንት ከጸና በኋላ 5 ደቂቃውን መልሱ፣ ሁለተኛውን ሥራ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጨምሩ።